ራዲዮው የት ይቀመጥ?

ለእኛ ለሐበሾች ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ማለት ጆርጂያ ጎዳና ነው፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ገንዘብ መላኪያው። በዚሁ ጎዳና በቁጥር 8621 በኩል የሚያልፉ ወገኖቼ በቦታው ምን እንደነበረ ቢያውቁ ደስ ይለኛል። አሜሪካ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ በገባች በወራት ጊዜ፣ በ1942 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ አሮጌ መኪና ይሸጥበት የነበረ አንድ ጋራዥ ተከራየና የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ሆነ። ከውጭ ሲያዩት ጋራዥ፣ ውስጡ የጦር ሚስጥር። እዚያ ከሠሩት የፊዚክስ ሰዎች አንዱ ዋልተር ጉድ ይባላል። ከጦርነቱ በፊት ይህ ሰው ከመንታ ወንድሙ ከዊልያም ጋር በራዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ አብርሯል፤ ያቺ አውሮፕላን ዛሬ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ንብረት ናት።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ አውሮፕላኖችን በራዲዮ የማብረርን ጨዋታ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ክንፉ ቅርፅ፣ ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ አብራሪው ብልሃት ይጽፋሉ። እኔ ዕድሜዬን የራዲዮ ሆድ ስከፍት የኖርኩ ሰው ነኝና ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ የማየው ሪሲቨሩ፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀባዩ ራዲዮ፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ነው፤ በምን እንደታሰረ፣ በምን እንደተጠቀለለ፣ አንቴናው በየት በኩል እንደወጣ። አቀማመጡን ያየ ሰው በዚያ ዘመን ምን ይበላሽ እንደነበር ወዲያው ይገባዋል። ሠሪ የሚፈራውን ነገር ነው የሚሸፍነው።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ከአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ሥር ሆኜ ነው። ትራንዚስተር ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ትልልቆቹ ባለቫልቭ ራዲዮዎች ገና በየሳሎኑ ዳንቴል ለብሰው ተቀምጠው ነበርና ለጥገና ይመጡልን ነበር። አስተማሪዬ መጀመሪያ ያሳየኝ ነገር የእርሳስ አጠቃቀም ነው። ራዲዮው እንደበራ በእርሳሱ ላጲስ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ቀስ አድርጎ ይነካል፤ ድምፅ ማጉያው «ጥንን» ብሎ የጮኸበት ቫልቭ ታማሚው እሱ ነው። ቫልቭ ማለት በመስታወት ውስጥ የተዘጋ ቀጭን ሽቦ ነው። የጋለው ሽቦና በዙሪያው ያለው መረብ የሚራራቁት በሚሊሜትር ክፋይ ነው፤ ሽቦው ሲርገበገብ ኤሌክትሪኩም አብሮ ይርገበገባል። ይህ የሚሆነው ጠረጴዛ ላይ ተደላድሎ በተቀመጠ ራዲዮ ነው። እንግዲህ ይህንኑ ነገር በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ከሚመታ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ጀርባ አስቀምጡት።

በራዲዮ የማዘዝን ታሪክ ከኒኮላ ቴስላ የሚጀምሩ ብዙዎች ናቸው። ቴስላ በ1898 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ፣ በገንዳ ውሃ ላይ ያለች ጀልባን ያለ ሽቦ አዞ አሳይቷል፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ቁጥር 613,809 የሆነ የፈጠራ መብት ወስዶበታል። ሰውየውን አከብራለሁ። የጀልባዋ «ጆሮ» ግን በብረት ብናኝ የተሞላ ዕቃ ነበር። ሞገድ ሲመጣ ብናኙ ይያያዝና ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ለሚቀጥለው ትእዛዝ እንዲዘጋጅ ደግሞ ዕቃው ተገልብጦ ብናኙ መላቀቅ አለበት። ለሚንቀጠቀጥ ነገር ይህ አይሆንም፤ ሞተሩ ራሱ ብናኙን እየበተነ ትእዛዙን ያጠፋዋል። ስለዚህ ቴስላን ለጀልባ አባትነት እተወዋለሁ፤ አውሮፕላን እኮ ያኔ ገና አልተወለደም።

እንግሊዞችም በ1935 «ኩዊን ቢ» ያሏትን ሰው አልባ አውሮፕላን አብርረዋል፤ ለመድፈኞች መለማመጃ ዒላማ ነበረች። እሷ ግን አብራሪ መሸከም የምትችል ሙሉ አውሮፕላን ስለነበረች ራዲዮው የፈለገውን ያህል ቢከብድ፣ የፈለገውን ያህል ቦታ ቢይዝ ግድ አልነበረም። ጭንቁ የመጣው ሰዎች ይህንኑ ነገር አንድ ሰው በክንዱ አቅፎ በሚሄደው አውሮፕላን ውስጥ ማስገባት ሲፈልጉ ነው።

በ1937 ሁለት መንገዶች ተሞከሩ። የመጀመሪያው በኮኔቲከት ያሉ የአማተር ራዲዮ ማኅበር ሰዎች መንገድ ነው፤ ሮስ ኸል የሚባል አውስትራሊያዊ ከጓደኛው ጋር ክንፉ 4 ሜትር የሚጠጋ ሞተር የሌለው ተንሳፋፊ አውሮፕላን ላይ ሪሲቨር አስቀመጠ። ሞተር ከሌለ መንቀጥቀጥ የለም፤ መንቀጥቀጥ ከሌለ ቫልቩ በሰላም ይሠራል። እንደ ራዲዮ ሰው ሳየው ንጹሕ ሥራ ነው፤ ችግሩን ከመፍታት ችግሩን ከቤት ማስወጣት። ኸል በሚቀጥለው ዓመት ራሱ በሚሠራው የቴሌቪዥን መቀበያ ከፍተኛ ቮልት ተይዞ ሞተ። በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች እንዲህ ያለውን ወሬ ስንሰማ አንድ እጃችንን ኪሳችን ውስጥ መክተት እንዳለብን እናስታውሳለን።

ሁለተኛው መንገድ የሞተረኞቹ ነው። በዚያው ዓመት ዲትሮይት በተደረገው ብሔራዊ የሞዴል አውሮፕላን ውድድር ላይ በራዲዮ የሚታዘዙ አውሮፕላኖች ምድብ ነበር፤ ያሸነፈው ቼስተር ላንዞ ነው። የጉድ ወንድማማቾች ደግሞ ከሚሺጋን፣ ከካላማዙ ከተማ ነበሩ። ዋልተር አውሮፕላን ሠሪ፣ ዊልያም ፈቃድ ያለው የራዲዮ አማተር፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላ ጥምረት። «ገፍ» ብለው የጠሯት አውሮፕላናቸው ክንፏ 2 ሜትር ተኩል ይጠጋል። በ1939 እና በ1940 ብሔራዊ ውድድሩን አሸነፉባት፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ያችኑ አሮጊት ይዘው ቀርበው እንደገና አሸነፉ። ያው ክንፍ፣ ያው እንጨት በአሥር ዓመት ዕድሜው ሲያሸንፍ፣ ብልጫው የመጣው ከክንፉ ሳይሆን ከሆዷ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሆዷ ውስጥ ምን ነበር? እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ሬይቲዮን የተባለው ፋብሪካ በ1938 አርኬ62 የሚባል ቫልቭ አወጣ። ውስጡ ባዶ ሳይሆን ጥቂት ጋዝ ያለበት ነው። ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1922 ባሳየው ሱፐር ሪጀነሬቲቭ በሚባለው አሠራር ይህ አንድ ቫልቭ ብቻውን ሪሲቨር መሆን ቻለ። ሞገድ በሌለበት ጊዜ ከአንድ ሚሊአምፔር በላይ ያሳልፋል፤ ሞገድ ሲደርሰው ፍሰቱ ወደ ሽርፍራፊ ይወርዳል። ያን መውረድ የሚጠብቅ ሪሌ የሚባል በጣም ስስ የሆነ የማግኔት ማብሪያ አለ፤ ፍሰቱ ሲወርድ ምላሱን ይለቃል፣ ምላሱ ሌላ ወረዳ ይዘጋል፣ መሪው ይዞራል። ለዚህ ሁሉ ለቫልቩ ማጋያ አንድ ተኩል ቮልት ገደማ፣ ለአኖዱ ደግሞ 45 ቮልት የሚሰጡ ድንጋዮች ያስፈልጋሉ። ያ የድንጋይ ክምር ከሪሲቨሩ የበለጠ ይከብዳል፤ የት እንደሚቀመጥ ካልታሰበበት የአውሮፕላኑን ሚዛን ያፋልሳል።

አሁን ሪሌውን አስቡት። በአንድ ሚሊአምፔር ማግኔት የሚያዝና የሚለቀቅ የብረት ምላስ ከቫልቩም የባሰ ስስ ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እሱም ጥርሱን ያፋጫል፤ አብራሪው ምንም ሳይነካ አውሮፕላኑ በራሱ ትእዛዝ ይሰጣል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሠሪዎች ሪሲቨሩን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ጭራሽ እንዳይነካካ አደረጉት። ከክንፉ ሥር ባለው ክፍል አራት ማዕዘኖች ላይ የሽቦ ሜንጦ ይተክላሉ፤ ከየሜንጦው ላስቲክ ይወጣል፤ ሪሲቨሩ በአራቱ ላስቲክ መሀል አየር ላይ ይንጠለጠላል። ዙሪያውን ወደየትም ቢወዛወዝ ግድግዳ እንዳይመታ ክፍተት ይተውለታል። የሚገቡትና የሚወጡት ሽቦዎች ለስላሳና ላላ ያሉ መሆን አለባቸው፤ ድርቅ ያለ ሽቦ ካለ መንቀጥቀጡ ላስቲኩን ትቶ በሽቦው በኩል ይገባል። ይህን ያላስተዋለ ሠሪ ላስቲኩ ላይ የደከመው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። የሪሌው ምላስ ወዴት እንደሚዞርም ይታሰብበታል፤ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ የሚመጣው ምት ምላሱን በሚንቀሳቀስበት አቅጣጫ እንዳያገኘው አግድም ይደረጋል።

መሪውን የሚያዞረውም ላስቲክ ነበር። ኤሌክትሪክ ሞተር ለመሸከም አቅም ስላልነበረ በአውሮፕላኑ ርዝመት የተዘረጋ፣ በእጅ የተጠመዘዘ ላስቲክ አለ። ሪሌው በተዘጋ ቁጥር አንዲት ጥርስ ታልፍና ላስቲኩ ሩብ ዙር ይለቃል፤ ቀኝ፣ መሀል፣ ግራ፣ መሀል። ተራውን የዘነጋ አብራሪ ግራ ፈልጎ ቀኝ ያገኛል። ክንፉም ከአካሉ ጋር የሚታሰረው በላስቲክ ነው፤ ሲወድቅ እንዳይሰበር ተነቅሎ ይበራል። ክንፍ በላስቲክ፣ መሪ በላስቲክ፣ ራዲዮ በላስቲክ። ላስቲክ ደግሞ ከሞተሩ የሚረጨው ዘይትና ነዳጅ ሲነካው ይላላል፣ ይበጣጠሳል። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ላስቲክ መፈተሽ እንደ ጸሎት ነው።

አሜሪካ ጦርነት ውስጥ እንደገባች በታኅሣሥ 1941 የአማተር ራዲዮ ሥርጭት ሁሉ ታገደ፤ አውሮፕላኖቹም መሬት ላይ ቀሩ። ዋልተር ጉድ ወደዚህ ወደ ጆርጂያ ጎዳና የመጣው ያኔ ነው። በጋራዡ ውስጥ ይሠራ የነበረው ነገር ከጨዋታው ጋር ዘመድ ነው፤ በመድፍ ጥይት አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ራዲዮ። ጥይቱ በአየር ላይ ሲበር ራዲዮው ሞገድ ይልካል፣ ከጠላት አውሮፕላን ተመልሶ ሲመጣ ይሰማል፣ በቂ ሲቀርብ ያፈነዳል። ችግሩ ጥይቱ ከመድፉ አፍ ሲወጣ ነው፤ ውስጡ ያለው ቫልቭ ከክብደቱ ወደ 20,000 እጥፍ በሚደርስ ኃይል ይጫናል። አስተማሪዬ በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጎ ይነካው የነበረውን ያንኑ ቫልቭ ማለቴ ነው።

እዚህ ላስቲክ አይረዳም። ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ነገር በመድፍ ውስጥ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ሰዎቹ ሐሳቡን ገለበጡት። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች መሣሪያ ይሠራባቸው ከነበሩት ደቃቅ ቫልቮች ተነሥተው፣ ሽቦዎቹን አሳጥረውና ደግፈው፣ ዕቃው ሁሉ ባንድነት እንዲንቀሳቀስ በሰም ሞልተው አደረቁት። ምንም ነገር ለብቻው ካልተንቀሳቀሰ ምንም ነገር አይሰበርም። በኋላ በምድር ዙሪያ ያሉትን የጨረር ቀበቶዎች ያገኘው ጄምስ ቫን አለንም በእነዚህ ቫልቮች ላይ ከሠሩት አንዱ ነበር። በጥር 1943 ሄሌና የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በዚህ ዓይነት ጥይት አንድ የጃፓን አውሮፕላን ጣለች፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ከ22 ሚሊዮን በላይ ተሠሩ።

ራዲዮን ከመንቀጥቀጥ ማዳኛ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ከሚንቀጠቀጠው አካል ትለየዋለህ፣ ወይ ከአካሉ ጋር አንድ ታደርገዋለህ። መሀል ሰፋሪ ሁሉ ይሰበራል። ጉድ ሁለቱንም ዓለም ያየ ሰው ነው፤ ከጦርነቱ በፊት የላስቲኩን፣ በጦርነቱ የሰሙን። ከጦርነቱ በኋላ እነዚያ ደቃቅ ቫልቮች ወደ ጨዋታው ተመለሱ። አርኬ61 የሚባለው የጋዝ ቫልቭ በቁመቱ ከልጅ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ ሪሲቨሩም የክብሪት ቤት ወደሚያህል መጠን ተጠጋ።

ሆሊውድ በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ሬጂናልድ ዴኒ ነው። እንግሊዛዊ የፊልም ተዋናይ ሲሆን በሞዴል አውሮፕላን ፍቅር ተለክፎ መጀመሪያ ሱቅ ከፈተ፣ ኋላ «ራዲዮፕሌን» የሚባል ፋብሪካ አቋቋመ፤ በጦርነቱ ዘመን ለመድፈኞች መለማመጃ የሚሆኑ በራዲዮ የሚበሩ አውሮፕላኖችን ወደ 15,000 ገደማ ሠርቷል። ከፋብሪካው ሠራተኞች አንዷ ኖርማ ጂን የምትባል ወጣት ነበረች፤ አንድ የጦር ሠራዊት ፎቶ አንሺ ስትሠራ አንሥቷት የኋላዋ ማሪሊን ሞንሮ መንገድ በዚያ ተጀመረ። ፎቶዋን ያየ ሁሉ ፊቷን ነው የሚያየው፤ እኔ በእጇ የያዘችውን ዕቃ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማሰራጫ ለመያዝ የአማተር ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ፈተናው የሞርስ ኮድም ነበረበት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ያለ ፈተና የሚሠራበት 27.255 ሜጋኸርዝ የሚባል ሞገድ ሲለቅ ሕዝቡ ጎረፈ። ችግሩ ሱፐር ሪጀነሬቲቭ ሪሲቨር ጆሮው ሰፊ ነው፤ የራሱን ሞገድና የጎረቤቱን አይለይም፤ እንዲያውም ራሱ ትንሽ ይጮኻል። በአንድ ሜዳ ላይ አንድ አውሮፕላን ብቻ ነበር መብረር የሚችለው። ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ፣ ይጫወታሉ፣ ላስቲክ ይፈትሻሉ።

ቀጥሎ የመጣው ምላስ የሚባለው ዓይነት ነው። ማሰራጫው በሞገዱ ላይ የተለያየ ቃና ያለው ድምፅ ይጭናል፤ ሪሲቨሩ ውስጥ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ የተለያየ ርዝመት ያላቸው የብረት ምላሶች አሉ፤ እያንዳንዱ ምላስ የራሱን ቃና ሲሰማ ብቻ ይርገበገብና የራሱን ወረዳ ይዘጋል። እንደ ክራር ክር አስቡት፤ ሌላው ሲመታ ዝም ይላል፣ የራሱ ሲመጣ ይመልሳል። አሁን አብራሪው ተራ መቁጠር ቀረለት፤ ቀኝ ለማለት ቀኝን ይጫናል። በ1960 ስዊዘርላንድ፣ ዱበንዶርፍ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ኤድ ካዝሚርስኪ የተባለ አሜሪካዊ «ኦራይን» በምትባል አውሮፕላን ያሸነፈው በዚህ ዘመን ነው። ጠጋኙ ግን አሁንም አያርፍም፤ ሞተሩ የሚሰጠው ንዝረት ከአንዱ ምላስ ቃና ጋር ከገጠመ ምላሱ ያለ ትእዛዝ ይዘፍናል። ለዚህ ላስቲክ ብቻውን አልበቃም፤ ላስቲክ ራሱ ይወዛወዛልና። ስፖንጅ የገባው በዚህ በኩል ነው።

ስፖንጅ እንደ ላስቲክ ተመልሶ አይዘልም፤ የመጣበትን ንዝረት ውጦ ያስቀረዋል። ሪሲቨሩ በስፖንጅ ይጠቀለላል፣ በላላ ላስቲክ ይታሰራል፣ በክፍሉ ውስጥ ሳይጨናነቅ ይገባል። ስፖንጁን አጥብቆ የጠቀጠቀ ሰው እንጨት ላይ እንደቸነከረው ይቁጠረው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዶን ማተርስና ዳግ ስፕሬንግ ዛሬም ድረስ የሚሠራበትን አሠራር አመጡ። ትእዛዙ በምት ርዝመት ይላካል፤ አንድ ተኩል ሺኛ ሰከንድ ማለት መሀል፣ አንድ ማለት አንዱ ዳር፣ ሁለት ማለት ሌላው ዳር። አብራሪው ዘንጉን ትንሽ ሲገፋ መሪው ትንሽ ይዞራል፣ ብዙ ሲገፋ ብዙ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፊል ክራፍት ይህን ዓይነት ራዲዮ በብዛት ሠርቶ ሸጠ፤ በ1967 ኮርሲካ ላይ ራሱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ነጋዴው በገዛ ዕቃው ሲያሸንፍ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም።

በዚህ ጊዜ ቫልቩ ሄዷል፣ ሪሌው ሄዷል፣ ምላሱ ሄዷል። ትራንዚስተር በእርሳስ ቢነኩት አይጮኽም። ታዲያ ስፖንጁ ለምን አልሄደም?

ይህን የጠየቀኝ እዚህ የተወለደ የወገን ልጅ ነው፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከአባቱ ጋር አውሮፕላን ወደምናበርበት ሜዳ ይመጣል። ከአንድ ሽማግሌ የተገዛ አሮጌ አውሮፕላን ይዞ፣ ሆዱን ከፍቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ስፖንጅ ምን ያደርጋል? ያዘገየው የለ?» አለኝ። ቁጭ ብዬ አወጣሁለት። የተጠቀለለውን ስንፈታ መጀመሪያ ያገኘነው ባትሪውን ነው፤ አራት የኒኬል ካድሚየም ድንጋዮች፣ ባንድነት 4.8 ቮልት። ከሪሲቨሩ ፊት ነው የተቀመጠው። «ለምን ከፊት?» አልኩት። አሰበ። «ከባድ ስለሆነ ሚዛን?» አለ። ግማሹን አገኘው። ሌላው ግማሽ፣ አውሮፕላን ሲወድቅ በአፍንጫው ነው፤ ከባዱ ነገር ከኋላ ከሆነ ወደፊት ተወርውሮ ሪሲቨሩን ያደቀዋል። ከፊት ከሆነ ግን ብቻውን ይሄዳል።

ከዚያ ሪሲቨሩን ገለጥን። ክሪስታሉን ነቅዬ በመዳፉ ላይ አኖርኩለት። ውስጧ እንደ ወረቀት የሳሳች የኳርትዝ ሥንጥር አለች፤ የሪሲቨሩ ሞገድ በሷ ውፍረት ይወሰናል። እሷ ከተሰነጠቀች ሪሲቨሩ ደንቆሮ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም አልሆነም። ከብየዳው መሰንጠቅና ከክሪስታሏ ስብራት ለመዳን ነው ስፖንጁ የቀረው። ልጁ ክሪስታሏን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቃት፤ ማን እንዳስተማረው አላውቅም፣ የተሰበረች ክሪስታል አንዳንዴ በእውነት ትንኳኳለች።

የዚያ ሪሲቨር አንቴና አንድ ሜትር የሚሆን ቀጭን ሽቦ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ለሞዴል አውሮፕላን የተፈቀደው 72 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 4 ሜትር ይረዝማል፤ ሽቦው የሩቡን ያህል ነው። አባቱ «ረዘመ፣ እናሳጥረው» ብሎ ነበር። እንዳትሞክሩት አልኳቸው። አይቆረጥም፣ አይጠቀለልም፤ ከሆዱ ይወጣል፣ በውጭ ወደ ጅራቱ ጫፍ ይሄዳል፣ እዚያ በትንሽ ላስቲክ ይወጠራል። መሪውን ከሚያዞሩት ሰርቮ ከሚባሉ ትንንሽ ሞተሮች ሽቦዎችና ከባትሪው ገመድ መራቅ አለበት።

የክሪስታሉ ዘመን የተራ ጥበቃ ሕግ ነበረው። እያንዳንዱ ሜዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ይቆማል፤ በላዩ የልብስ መቆንጠጫዎች ተሰክተዋል፣ በየመቆንጠጫው ላይ የሞገድ ቁጥር ተጽፏል። በ72 ሜጋኸርዝ ኋላ 50 ቻናሎች ነበሩ። ያንተን ቁጥር መቆንጠጫ ሳትይዝ ማሰራጫህን ካበራህ፣ በዚያው ቁጥር እየበረረ ያለ የሌላ ሰው አውሮፕላን መሬት ይገባል። ሰው የወራት ሥራው በጎረቤቱ ጣት ሲጠፋ ምን እንደሚናገር በዚህ መጽሔት አይጻፍም።

ስለ ክሪስታል ዘመን ስናገር የሲልቨር ስፕሪንጉን ሜይናርድ ሂልን ሳልጠቅስ ማለፍ ነውር ነው። ሂል የጉድ የላቦራቶሪ ባልደረባ ነበር፤ በ1970 ሞዴል አውሮፕላን ከ8000 ሜትር በላይ አውጥቷል። በስተርጅናው ዓይኑ በሕግ ዓይነ ስውር እስከሚባል ደክሞ ሳለ፣ በነሐሴ 2003 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከ5 ኪሎ በታች የሚመዝን አውሮፕላን ከኒውፋውንድላንድ፣ ካናዳ፣ አስነሣ። ሲነሣ በእጅ ይታዘዛል፣ ውቅያኖሱ ላይ ራሱን በሳተላይት ይመራል፤ ከ38 ሰዓት በላይ በርሮ አየርላንድ ላይ ሌላ አብራሪ ተቀብሎ አሳረፈው። የባልሳ እንጨት አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻገረ። 38 ሰዓት ሙሉ ያልቆመ የሞተር ንዝረት የተሸከመውን የዚያን ዕቃ ብየዳ ባየሁ እያልኩ እስከ ዛሬ እመኛለሁ።

ከ2005 ወዲህ 2.4 ጊጋኸርዝ ገበያውን ሲይዝ ሰሌዳውና መቆንጠጫው ቀረ። አዲሶቹ ማሰራጫዎች ባዶ ቦታ ራሳቸው ይፈልጋሉ፣ ብዙዎቹም ከሞገድ ሞገድ እየዘለሉ ይሠራሉ። ይህን የመዝለል ሐሳብ ለቶርፔዶ መምሪያ ብለው በ1942 በፈጠራ መብት ካስመዘገቡት ሰዎች አንዷ የፊልም ተዋናይዋ ሄዲ ላማር ናት። ሆሊውድ በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እኔ ራሴ እንደገና መጠየቅ ጀምሬያለሁ።

አዲሱ ሞገድ አሥራ ሁለት ሴንቲ ተኩል ብቻ ነው፤ የአንቴናው ራቁት ጫፍ 3 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ፍርሃቱም አብሮ ተለወጠ። ይህ ሞገድ በሰው አካል፣ በባትሪ፣ በካርቦን ፋይበር ጀርባ ይጋረዳል፤ አውሮፕላኑ ሲገለበጥ ባትሪው በአንቴናውና በአብራሪው መሀል ከገባ ትእዛዙ ይቋረጣል። ስለዚህ ሁለት አንቴና ይኖራል፤ አንዱ ቆሞ አንዱ ተኝቶ፣ በ90 ዲግሪ፣ አንዱ ሲጋረድ ሌላው እንዲሰማ። አካሉ ካርቦን ከሆነ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ሪሲቨሩ ራሱ ጥቂት ግራም ነው፤ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ብዙ አይንቀጠቀጥም፤ ልጆቹ በሁለት ፊት ፕላስተር ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያዩ ይቆጣሉ። እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ፤ የሚንቀጠቀጥ ከሌለ የሚሰበርም የለም፣ ጥሩ ፕላስተር ከመጥፎ ስፖንጅ ይሻላል። አንቴናቸውን ግን እየዞርኩ አያለሁ።

ልጁ አሁን አሮጌውን አውሮፕላን ትቶ አራት ሞተር ያለው ዓይነት ይሠራል። የዚህ ዓይነቱ አንጎል ከሪሲቨሩ ሌላ ሰሌዳ ነው፤ በላዩ ላይ ማዘንበልንና መዞርን የሚሰማ ደቃቅ ቺፕ አለ። በቺፑ ውስጥ ከጤፍ የሚያንስ የሚርገበገብ ነገር ስላለ ከውጭ የሚመጣ ንዝረት ያሳስተዋል፤ አራቱ ሞተሮች ደግሞ በደቂቃ በአሥር ሺህዎች ይዞራሉ። ሰሌዳው በአራት ማዕዘኑ ቀዳዳ አለው፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ 30.5 ሚሊሜትር፤ በየቀዳዳው የላስቲክ ቀለበት ይገባና ብሎኑ በላስቲኩ መሀል ያልፋል። የእሱ ሲበር ይንቀጠቀጥ ነበርና ይዞልኝ መጣ። ብሎኖቹን እስከ መጨረሻ አጥብቋቸው ላስቲኮቹ ተጨፍልቀው እንደ ብረት ጠንክረዋል። «አላላው» አልኩት፣ «ሰሌዳውን በጣትህ ስትነካው ትንሽ መሄድ አለበት። የባትሪውን ሽቦም አላላው፣ በሱ በኩል ነው የሚገባብህ።»